ያረጀ የጭቃ ቤትና ጓሮው፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል

የአያት ወይም የወላጅ ቤት ለማደስ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። ያስለስናል፣ ኖራ ያስቀባል፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ልስኑ ከጉልበት በታች ተገሽልጦ ያገኘዋል። ጥቅምት ላይ የተከለው ጎመንም ጥር ሳይገባ ይጠወልጋል። የሁለቱም ጥፋት ምንጭ ውሃ ነው፦ ክረምት ላይ ከቤቱ ሥር የሚወጣበት መንገድ አልተበጀለትም፣ በጋ ላይ ደግሞ ጓሮው ከሚቀዳው ውሃ በላይ ሰፍቷል። ስለዚህ እዚህ የውሃው ሥራ ይቀድማል፤ ልስኑ የሚመጣው አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ወራቱና ልኮቹ የተሰጡት ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ለሚጥልበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,800 ሜትር ለሆነ ወይና ደጋና ደጋ ነው። ቤቱ በእንጨት ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። የበልግ ዝናብ የሚያገኝ አገር ላይ ከሆናችሁ ልስኑን የካቲት ሳይገባ ጨርሱ።

ቀድማችሁ አዘጋጁ

ዶማ፣ አካፋ፣ ገጀራ፣ ካዙላ (የግንበኛ ማንኪያ)፣ ፍራታሶ (ልስን ማስተካከያ ጣውላ)፣ ቱንቢ (ግድግዳ መቅናቱን ማያ፣ ክብደት የታሰረበት ገመድ)፣ ሲባጎና ካስማ፣ የአፈር ወንፊት፣ 10 ሜትር የሚሆን ውስጡ የሚያሳይ ነጭ ጎማ ለውሃ ልክ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን። ጭድ ዛሬውኑ ጠይቁ። አዲስ የጤፍ ጭድ የሚገኘው ከአውድማ በኋላ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት የምትገዙት ያለፈው ዓመት ጭድ ስለሆነ እጃችሁን ወደ ክምሩ ውስጥ አስገብታችሁ ፈትሹ፤ ሻግቶ የጠቆረ ከሆነ አትውሰዱ፣ ጭቃውን አይዝም።

ደረጃ 1 (መስከረም)፦ ምልክቱ ሳይጠፋ ግድግዳውን መርምሩ

ምርመራው መስከረም ላይ የሚሆነው ግድግዳው የጠጣው ውሃ ገና ስለሚታይ ነው። ኅዳር ላይ ሁሉም ደርቆ ደህና ይመስላል።

1. ቤቱን ከውጭ ዙሩ። እርጥበቱ የደረሰበትን ከፍታ በከሰል አስምሩ፣ ከመሬት ለኩና ቁጥሩን በር መቃኑ ላይ ጻፉ። ግድግዳው ሲለሰን የከሰሉ መስመር ይጠፋል፤ የመቃኑ ቁጥር ግን ይቀራል፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

2. መስመሩን አንብቡት። ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ጭቃ የተረጨበት ከመሰለ ጉዳቱ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ፍንጣሪ ነው። እርጥበቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ከወጣና በውስጥ በኩልም ከታየ ውሃው ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ ነው። ከላይ ወደ ታች እንደ እንባ የወረደ መስመር ካለ ደግሞ ቆርቆሮው ወይም ሚስማሩ ያፈሳል።

3. ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ያለው ደህና ነው። እንደ ባዶ ገንቦ የሚጮኸው ልስኑ ከምርጊቱ ተላቋል ማለት ነው፤ ዙሪያውን በከሰል ክበቡት።

4. የየቋሚውን ሥር 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቢላዋ ውጉበት። እንጨት ቶሎ የሚበሰብሰው መሬትና አየር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ቢላዋው ሳይቸገር 2 ሴንቲ ሜትር ከገባ ያ ቋሚ ሞቷል።

5. የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የአፈር ቱቦዎች ከመሬት ወደ እንጨቱ ከወጡ ምስጥ ነው። ቱቦውን አፍርሱና ከ3 ቀን በኋላ ተመለሱ፤ ጠግኖት ካገኛችሁ ምስጡ አሁንም እየሠራ ነው። በግድግዳው ላይ የተደገፈ የማገዶ ክምር ካለ በዚያው ቀን አንሡት፤ ምስጥ መንገዱን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

6. ቀትር ላይ በርና መስኮት ዘግታችሁ ጣሪያውን ከውስጥ እዩ። ብርሃን የገባበት ሁሉ ዝናብም ያስገባል።

ማስጠንቀቂያ። የበሰበሰ ቋሚ ከመንቀላችሁ በፊት የሚሸከመውን አግዳሚ በሌላ ጠንካራ እንጨት ደግፉ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ቋሚ በላይ አትቀይሩ። ምሰሶውን ግን ራሳችሁ አትንኩ፣ አናጺ ጥሩ። ቱንቢ ሲሰቀል ግድግዳው በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ካዘመመም እንዲሁ፤ ልስን ክብደት ይጨምርበታል እንጂ አያቃናውም። ለምትክ ጥድ ወይም ወይራ ካገኛችሁ ከባሕር ዛፍ አስበልጡት። ባሕር ዛፍ ብቻ ካለ አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት።

ብስባሹንም አሁን ጀምሩ

ለምለም ሣር እንደ መስከረም የሚሞላበት ጊዜ የለም። ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁና 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ስፋት ላይ በቅደም ተከተል ደርድሩ፦ ከታች ቀጫጭን ጭራሮ፣ ከዚያ 15 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር (ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል)፣ 15 ሴንቲ ሜትር ለምለም ሣርና ዘር ያልቋጠረ አረም፣ 5 ሴንቲ ሜትር እበት፣ ስስ አፈር፣ ትንሽ አመድ። እስከ ወገብ እስኪደርስ ድገሙ። መሐል ላይ ረጅም በትር ሰክታችሁ ከላይ በሣር ሸፍኑት።

በሳምንቱ በትሩን ንቀሉ። ሞቆ ወዝ ካለው ሥራው ይዟል። ደረቅ ከሆነ ውሃ አርከፍክፉ። ቀዝቅዞ የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፤ ገልብጣችሁ ደረቅ ነገር ቀላቅሉበት። በየ3 ሳምንቱ ገልብጡ። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጥቁር፣ የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፣ ቶሎ አይበሰብስም።

ደረጃ 2 (ጥቅምት መጀመሪያ)፦ ውሃውን ከግድግዳው አርቁ

1. የተከመረውን አፈር አንሡ። ባረጀ ቤት ዙሪያ ለዓመታት የተጠረገው ጥራጊና አመድ ተጠራቅሞ የውጩ መሬት ከቤቱ ወለል ጋር እኩል ይሆናል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የውስጡ ወለል ከውጩ መሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ድረስ ዝቅ አድርጉት። የመሠረት ድንጋዩ ወይም የቋሚዎቹ ጫፍ ሊጋለጥ ሲደርስ ግን አቁሙ፤ ከዚያ በታች መቆፈር ግድግዳው እንዲሰምጥ ያደርጋል።

2. ተዳፋት አብጁ። ከግድግዳው እስከ 1 ሜትር ድረስ መሬቱ ወደ ውጭ 5 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። አርጥባችሁ ጠቅጥቁት። በዚህ 1 ሜትር ውስጥ የሚጠጣ ተክል አይተከልም፤ ጎመንም አበባም ቢሆን፤ ለተክሉ የምታጠጡት ውሃ ለግድግዳውም ይደርሳል።

3. ቦዩን ቆፍሩ። ቦታው ከጣሪያው ጠርዝ ትክክል በታች ነው፤ ጠብታው መሬቱ ላይ በሠራቸው የቀዳዳ ሰልፎች ታውቁታላችሁ። ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ ካነሰ ውሃው ይተኛል፣ በጣም ከበዛ ቦዩን ራሱን ይበላዋል። በዓይን አትገምቱ፤ ነጩን ጎማ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች አስተያዩ፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ከዚያ እስከ ቦዩ ወለል ለኩ። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ስለሚሳሳት መጀመሪያ አራግፉት።

4. የሚወጣውን አፈር ሁለት ቦታ ክምሩ። ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ለመደብ ይሆናል። ከጥቁሩ በታች የሚወጣው ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ሥርና ብስባሽ ስለሌለበት ለልስን ነው፤ ለብቻው ከምራችሁ በላስቲክ ሸፍኑት። ለልስን ተብሎ ቤቱ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ትልቅ ስሕተት ነው፤ በክረምት ኩሬ ይሆናል።

5. መውጫውን ወስኑ። ውሃው ወደ ጌሾው፣ ወደ ሎሚው ወይም ወደ ሌላ ቋሚ ተክል ይሂድ። ከግንዱ 1 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ በጨረቃ ቅርጽ ክትር ሥሩለት። ወደ ጎረቤት ግቢ አትልቀቁ።

6. ፈትኑት። ሁለት ጀሪካን ውሃ በላይኛው ጫፍ በአንዴ አፍስሱ። የቆመበትን ቦታ አይታችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ ጠብታ የሚያርፍበትን ወለል በጠጠር ሙሉት። ጠጠሩ ፍንጣሪውን ይሰብራል። ጠጠሩን ከፈተናው በፊት አትሙሉ፣ ሁሉንም ማውጣት ይመጣል።

ደረጃ 3 (ጥቅምት አጋማሽ)፦ ጓሮውን በውሃችሁ ልክ አድርጉ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ማለት በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ስንት ጀሪካን በእርግጥ ትቀዳላችሁ? ሊትሩን ለ5 አካፍሉና በሚወጣው ካሬ ሜትር ልክ መሬቱን ምተሩ። የተረፈው መሬት ጾሙን ይደር። ሃያ መደብ ቆፍሮ ሁሉንም በጥም ከመግደል ሁለት መደብ በደንብ ማጠጣት ይበልጣል፤ አብዛኛው የበጋ ጓሮ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

የበጋ መደብ ዝቅ ይላል

ለክረምት የተነገረውን ከፍ ያለ መደብ በበጋ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ከፍ ያለ መደብ በጎኑ ይደርቃል። በበጋ መደቡ ከመተላለፊያው 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ጠርዙም ይታሰር፤ ያጠጣችሁት ሁሉ እዚያው ይሰርጋል። ወርዱ ከ1 ሜትር እስከ 1.20፣ መተላለፊያው 40 ሴንቲ ሜትር። 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍራችሁ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ደግሞ በሽታ ያስተላልፋል። ከመትከላችሁ በፊት አጥሩን ጨርሱ። አንድ ዶሮ በአንድ ጠዋት መደቡን ሙሉ ትጭረዋለች።

ችግኝ ማፍላት (ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሽንኩርት)

1. 1 ሜትር በ2 ሜትር መደብ ላይ አፈሩን አልሙና በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት መስመር ቅደዱ። ዘሩን ከ1 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በተኑ። ጥልቅ የገባ የጎመን ዘር ወጥቶ ብርሃን አያይም።

2. በስስ ሣር አልብሱ፣ በወንፊት ወይም በተበሳ ቆርቆሮ አርከፍክፉ። ማብቀል ሲጀምር ሣሩን በዚያው ቀን አንሡና ወገብ የማይደርስ ዳስ ሥሩበት። አንድ ቀን ዘግይታችሁ ካነሣችሁት ችግኙ ቀጥኖና ገርጥቶ ይወድቃል።

3. ችግኙ በአፈሩ ልክ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ ውሃው በዝቷል ወይም ዘሩ ታፍኗል። ውሃውን ቀንሱ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ አሳሱት።

4. ጎመን ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ቀይ ሽንኩርት ወደ 7 ሳምንት ሲሆነው ይዛወራል። ከሳምንት በፊት ዳሱን ቀስ በቀስ ግለጡ፣ ውሃውንም ቀንሱ። አመሻሽ ላይ ንቀሉና ሥሩ ሳይታጠፍ ትከሉ፤ ጎመን በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር። በማግስቱ ግንዱ ከመሬቱ ልክ ተቆርጦ የወደቀ ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው። እዚያው አፈሩን በጣት ጫሩ፤ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

ነጭ ሽንኩርት

ለአሮጌ የገጠር ቤት እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚመች ተክል የለም፤ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል፣ ጓዳ ውስጥ ለወራት ይቆያል። የሚከስረው በዘሩ ነው።

1. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር የወጡትን ጸደይ 92ን ወይም ቢሾፍቱ ነጭን ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካልሆነ በአካባቢያችሁ የቆየውን ዘር ውሰዱ። ከተነቀለ ሁለት ወር ያልሞላውን አትትከሉ፣ ገና ተኝቷል። አንዱን ፍልቃቂ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ መሐሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ቡቃያ ግማሹን ካለፈ ነቅቷል።

2. የምትፈለቅቁት በምትተክሉበት ቀን ነው። ትልልቁን ብቻ ለዩ፣ ትንንሹ ወደ ወጥ። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታና እንደ ሰናፍጭ ዘር የደቀቁ ጥቁር ነጥቦች ያሉበት ራስ ካለ ያንን ሁሉ አቃጥሉ። ነጭ ብስብስ የሚባለው በሽታ ነው፤ አንድ ጊዜ መሬት ከገባ ለብዙ ዓመታት አይለቅም።

3. ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ጥልቀት ከ3 እስከ 4፣ በፍልቃቂዎች መካከል 10፣ በመስመሮች መካከል 25 ሴንቲ ሜትር። ተዘቅዝቆ የተተከለ ይበቅላል፣ ራሱ ግን ይጣመማል።

4. 5 ሴንቲ ሜትር ጭድ ጎዝጉዙበት፤ ውሃውን ይቆጥባል። በየ5 ቀኑ በካሬ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሊትር አጠጡ። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

ደረጃ 4 (ኅዳርና ታኅሣሥ)፦ ውርጭ

እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ ላይ ውርጩ የሚጥለው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። አመሻሽ ላይ እንዲህ ከሆነ ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች ካላችሁ ተዘጋጁ። ቀን ላይ መሬቱን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ሲመሽ በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑ፣ ላስቲክ ግን ቅጠሉን አይንካ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጡ። ውርጭ የመታውን ቅጠል ወዲያው አትቁረጡ፤ ከታች አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣ ለውስጡ ሽፋን ይሆነዋል። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ውርጩን ይችሉታል፣ ለነሱ አትድከሙ።

የነጭ ሽንኩርቱ ቅጠል ላይ ብርቱካንማ ዱቄት መሳይ ነገር ከታየ ዋግ ነው። የተያዘውን ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢው አውጡ፣ ውሃውን ከሥሩ እንጂ ከላይ አታርከፍክፉ።

ደረጃ 5 (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ)፦ ጭቃና ልስን

ከሁሉ ሥራ ጊዜ የሚፈልገው ይህ ነው፤ ሰውም የሚጣደፍበት ይኸው ነው።

ሲሚንቶ አትለስኑበት። የጭቃ ግድግዳ የጠጣውን ውሃ በገጹ ይተፋል። ሲሚንቶ ያንን መንገድ ይዘጋዋል፤ እርጥበቱ ከኋላ ተጠራቅሞ ጭቃውን ያላላል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ በመጨረሻም ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት በአንድ ገጽ ይረግፋል። ከዚህ በፊት የተለሰነበት ካለ በጥንቃቄ አውርዱት።

ሀ. አፈሩን ፈትኑ

በላስቲክ ጠርሙስ ሲሶ ያህል አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ናጡና አሳድሩት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ይተኛል፣ ሸክላው በመጨረሻ ከላይ። ከሞላ ጎደል ሁሉም አሸዋ ከሆነ አፈሩ አይጣበቅም። በአብዛኛው ሸክላ ከሆነ ይሰነጠቃል። ዋልካ ወይም መረሬ አፈር ብቻውን ለልስን አይሆንም፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

ለ. ሦስት ሙከራ ለስኑ

ሙሉ ግድግዳ ከመጀመራችሁ በፊት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ አድርጉ፦ 3 ባልዲ አፈር ከ1 ባልዲ ጭድ፤ ያው ሆኖ 1 ባልዲ አሸዋ የታከለበት፤ ያው ሆኖ 3 ባልዲ አሸዋ የታከለበት። ለሙከራ ከሆነ በባልዲ ፋንታ በጣሳ ስፈሩ። በሳምንቱ እዩ። የተሰነጠቀው አሸዋና ጭድ ይጎድለዋል። በእጅ ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል። በአውራ ጣት ሲጫን ምልክት የማይቀበለውና ያልተሰነጠቀው ነው የናንተ ልክ።

ሐ. ጭቃውን አቡኩና አሳድሩ

1. አፈሩን ከጠጠርና ከሥር አጽዱ። ጉድጓድ ያለው ክምር ሠርታችሁ መሐሉ ላይ ውሃ አፍስሱና አንድ ሌሊት ይጠጣ።

2. ጭዱን እየበተናችሁ በእግር እርገጡ። ጭዱ ከጣት ርዝመት አይብለጥ። ባዶ እግር የሚረገጥ ከሆነ ሚስማርና ስባሪ ጠርሙስ አስቀድማችሁ ልቀሙ፤ ባረጀ ግቢ አፈር ውስጥ አይጠፋም።

3. በላስቲክ ሸፍናችሁ ከ10 እስከ 15 ቀን አቆዩ። በየ3 ቀኑ ውሃ ጨምራችሁ እርገጡት። መሽተት ሲጀምር፣ ጭዱም ሲለሰልስ ደርሷል። ጭቃው ወደ እጅ ሲነሣ እንደ ጠና ሊጥ ተያይዞ ይመጣል፤ ካዙላው ላይ ተዘርግቶ ሲዘቀዘቅ ትንሽ ቆይቶ ይወድቃል። ወዲያው የሚንሸራተተው ቀጥኗል።

በዚያኑ ቀን አቡክቶ በዚያኑ ቀን የለሰነ ሰው ስንጥቁን የሚያየው በሳምንቱ ነው።

መ. ግድግዳውን አዘጋጁ

1. መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። አሮጌ ቤት ውስጥ ሽቦ በጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ግድግዳውን ልታረጥቡት ነው።

2. በከሰል የከበባችሁትን ሁሉ አውርዱ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ የጭሱን ጥላሸት እስከ ጭቃው ድረስ ፋቁ፤ ጥላሸት ላይ ምንም አይጣበቅም። ደህናውን ልስን በገጀራ አፍ ጫር ጫር አድርጉት፤ አዲሱ የሚነክሰው ነገር ይፈልጋል።

3. የላላ ማገር እሰሩ፣ የተሰበረውን ተኩ።

4. አርጥቡ፤ አንድ ጊዜ በዋዜማው፣ አንድ ጊዜ ሊለሰን ሲል። ውሃ እስኪወርድ ግን አይሁን። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ይመጠውና ልስኑ ከኋላው ሳይዝ ይደርቃል።

ሠ. ለስኑ

1. ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አትሙሉ። በ3 ሴንቲ ሜትር ሙሉ፣ ይድረቅ፣ ቀጥሉ።

2. የመጀመሪያው ድርብ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭቃውን በመዳፍ ጥግ ወደ ግድግዳው ግፉት፤ ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ገጹን ሸካራ ተዉት።

3. 5 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ግድግዳ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሩብ ሜትር ኩብ፣ ማለትም ባለ20 ሊትር ባልዲ ወደ 13 የሚሆን የቦካ ጭቃ ይጨርሳል። አንዱን ግድግዳ ሳታቋርጡ ጨርሱ፤ ነገ የሚቀጠለው ጠርዝ ላይ ስንጥቅ ይወጣል።

4. የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ጠዋት ለስኑና ከረጢት አርጥባችሁ ጋርዱት።

5. ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። መልኩ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሲፈዝ ደርቋል።

6. የማጠናቀቂያው ድርብ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፦ በወንፊት የተነፋ 3 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ደቃቅ አሸዋ፣ 1 እጅ ትኩስ እበት። ግድግዳውን አርጥባችሁ በፍራታሶ አስተካክሉት፣ ሊደርቅ ሲል በለስላሳ ድንጋይ አሹት።

ሲበላሽ

የፀጉር ስንጥቅ ከሆነ አርጥባችሁ በፍራታሶ እሹት፣ ይዘጋል። የጣት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከሆነ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ጭድ በበዛበት ጭቃ ሙሉት። ልስኑ ሆዱን ነፍቶ ከተነሣ አልያዘም፤ አውርዱት። ከታች ብቻ ተለይቶ የማይደርቅ ከሆነ ጥፋቱ የልስኑ አይደለም፣ ቦዩን ተመልሳችሁ እዩ።

ኖራ የሚቀባው ሁሉም ፍጹም ሲደርቅ ነው፤ አንድ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ስስ ቀቡ። ዓይናችሁንና እጃችሁን ሸፍኑ። ኖራ ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ደረጃ 6 (መጋቢት)፦ ነጭ ሽንኩርቱን ንቀሉ

የታችኞቹ ቅጠሎች ግማሽ ያህል ሲደርቁ፣ ከተተከለ ከ4 ወር ተኩል እስከ 5 ወር ላይ ይደርሳል። ከመንቀል 2 ሳምንት በፊት ውሃ አቁሙ። ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ በዶማ ከጎን አላሉት። ቆይቶ የተነቀለ ራስ ልብሱ ተቀድዶ ፍልቃቂዎቹ ይበተናሉ፣ እንዲህ ያለውን ቀድማችሁ ብሉት።

አፈሩን በእጅ አራግፉ እንጂ አትጠቡ። ቅጠሉን እንደ ሹሩባ ጎንጉናችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ፣ በረንዳው ላይ፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ስቀሉት። አንገቱ በጣት ሲጫን ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ወደ ጓዳ ይግባ። ለዘር የምትተዉትን ከምድጃው በላይ አትስቀሉ፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ለዘር የሚቀመጠው ትልቁ ራስ ነው፣ ትልቁን በልቶ ትንሹን መዝራት በየዓመቱ ያሳንሰዋል።

ደረጃ 7 (ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ)፦ ለክረምቱ

1. ያረጁ ሚስማሮችን የጎማ ቀለበት ባላቸው የቆርቆሮ ሚስማሮች ቀይሩ። ስትወጡ የሚስማር መስመሩን ብቻ እርገጡ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ አትውጡ።

2. አሸንዳውን በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እያዘነበላችሁ ስቀሉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 400 ሊትር ይወርዳል። ባለ200 ሊትሩ በርሜል በግማሽ ሰዓት ሊሞላ ስለሚችል ትርፉ ወደ ቦዩ የሚሄድበት ቱቦ ይኑረው። ይህ ከሌለ አሸንዳው የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ማዕዘን ላይ ይደፋዋል፣ ያ ማዕዘን ደግሞ መጀመሪያ ይፈርሳል።

3. በርሜሉን ደልዳላ የድንጋይ መደገፊያ ላይ አስቀምጡ፤ ሲሞላ 200 ኪሎ ነው። ልጅ እንዳይገባበትና ትንኝ እንዳይራባበት ክዳን ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አፍስሱ፣ የጣሪያውን አቧራ ይዘው ነው የሚወርዱት።

4. መደቦቹን ገልብጡ። ከመተላለፊያው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር እየቆፈራችሁ ወደ መደቡ ጣሉ፤ በጋ የነበረው ዝቅታ አሁን ከፍታ ይሆናል። መስከረም የጀመራችሁትን ብስባሽ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት በነበረበት ላይ ባቄላ ወይም ጎመን ይግባ፤ ነጭም ቀይም ሽንኩርት ቢያንስ ለ4 ዓመት አይመለስበት። ቲማቲምን በክረምት ያለ ሽፋን አትትከሉ፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ይበሰብሳል።

5. የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል አካፋ ይዛችሁ ውጡና ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። የተደፈነውን ያን ጊዜውኑ ክፈቱ፤ ደርቆ ሲቆይ የቱ ጋ እንደቆመ አይታወቅም። በክረምቱ ውስጥ በየሳምንቱ ቅጠልና ደለል ጥረጉ።

6. መስከረም ሲመጣ እርጥበቱ የደረሰበትን እንደገና ለኩና በር መቃኑ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር አስተያዩ። ዝቅ ካለ የማጠናቀቂያውን ድርብ በፍንጣሪው ልክ ብቻ አድሱ። ካልወረደ ልስኑን አትንኩ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።